ለትናንሽ ልጆች የትኛውን የመገንቢያ ብሎክ እንምረጥ? የእንጨት፣ የተገጣጣሚ ፕላስቲክ፣ የማግኔት፣ የስፖንጅና የካርቶን ብሎኮች ንጽጽር

ለትንሽ ልጅ የመገንቢያ ብሎክ ሊገዛ የተነሣ ወላጅም ሆነ ለመዋዕለ ሕፃናት መጫወቻ የሚያሟላ ኃላፊ በመጀመሪያ የሚቸገረው በምርጫው ብዛት ነው። ከእንጨት የተሠራ አለ፤ በጉብታው እየተያያዘ የሚገጣጠም ፕላስቲክ አለ፤ በማግኔት የሚሳሳብ ሰሌዳ አለ፤ የስፖንጅና የካርቶንም አለ። በየማሸጊያው ላይ ደግሞ ዕቃው የልጅን አእምሮ እንደሚያጎለብት የሚገልጽ ጽሑፍ ታትሟል። ጽሑፉ በሁሉም ላይ ስለሚገኝ አንዱን ከሌላው ለመለየት አይረዳም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሣው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ አንድ ብሎክ ከግንባታው ሥራ ውስጥ ምን ያህሉን ራሱ ይሠራል፣ ምን ያህሉንስ ለልጁ ይተውለታል? ሚዛን መጠበቅን፣ ልክ ማስተያየትንና ቅርጽ ማሰብን ለልጁ የሚተው ብሎክ ብዙ ያስተምራል። ይህን ሥራ በጉብታ፣ በማግኔት ወይም በሥዕላዊ መመሪያ የሚያቃልልለት ብሎክ የራሱ ጥቅም ቢኖረውም ለልጁ የሚተርፈው የማሰብ ድርሻ ይቀንሳል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት መስፈርቶች በአብዛኛው ከዚህ ሐሳብ የሚመነጩ ናቸው።

## ልጁ በብሎክ ምን ያደርጋል?

ከመስፈርቶቹ በፊት ልጆች በብሎክ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ያለቦታው የሚገዛ ብሎክ ልጁ ገና ላልደረሰበት ወይም አልፎት ለሄደ ደረጃ የተገዛ ነው። አሜሪካዊቷ የሕፃናት አስተማሪ ሃሪየት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመችው ጽሑፍ የብሎክ ጨዋታን በደረጃ ከፋፍላ አሳይታለች፤ ክፍፍሉም እስከ ዛሬ ድረስ በመምህራን ዘንድ ይሠራበታል። መጀመሪያ ልጁ ብሎኩን ይሸከማል፣ ያጋጫል፣ ከቦታ ቦታ ያጓጉዛል እንጂ አይገነባም። ቀጥሎ መደርደር ይጀምራል፤ ወደ ጎን ረድፍ፣ ወደ ላይ ደግሞ ማማ ያወጣል። ከዚያ ሁለት ብሎኮችን አራርቆ ያቆምና ሦስተኛውን በላያቸው አጋድሞ ድልድይ ይሠራል። ከድልድዩ በኋላ ቦታን በአጥር መክበብ ይመጣል፤ ከዚያም ግራና ቀኙ የሚመሳሰል ጌጠኛ ቅርጽ ይታያል። በመቀጠል ልጁ ለሠራው ነገር ስም ያወጣለታል፤ በመጨረሻም ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ ተናግሮ ያንኑ ይገነባል።

ከዕድሜ ጋር ሲታይ፣ ብዙ ልጆች በ15 ወር ገደማ ሁለት ብሎክ ይደራርባሉ፤ በሁለት ዓመት ስድስት ያህል፣ በሦስት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ያህል ኩቦች የቆሙበት ማማ መሥራትና የሦስት ብሎክ ድልድይ አይቶ መድገም ይችላሉ። እነዚህ ቁጥሮች የሚገዛውን ለመመጠን ይጠቅማሉ እንጂ ልጅን ለመፈተን የተቀመጡ አይደሉም። አምስት ብሎክ ከደረደረ በኋላ ወደ ሌላ ጨዋታ የሄደ የሦስት ዓመት ልጅ ምንም የጎደለው ነገር የለም።

የብሎክ ጨዋታ የሚያስገኘው ጥቅም ምን ያህል ተረጋግጧል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በየዘርፉ ይለያያል። የእጅና የዓይን ቅንጅትን በተመለከተ ብዙ ክርክር የለም። ብሎክን በጣት ይዞ፣ ጠርዙን ከጠርዝ አስተካክሎ፣ ሌላውን ሳይነኩ እጅን መልቀቅ በራሱ ልምምድ ነው። የቦታና የቅርጽ ግንዛቤን በተመለከተም ጠንካራ ፍንጭ አለ። ብራያን ቨርዲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በተገጣጣሚ ብሎክ የተሠራ ሞዴል አይተው በትክክል መድገም የቻሉ የሦስት ዓመት ልጆች በመነሻ የሒሳብ ችሎታም የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን እንዳመጣው በራሱ አያረጋግጥም። ቋንቋን በተመለከተ ዲሚትሪ ክሪስታኪስ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሩት ጥናት ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ለሆኑ ልጆች ቤተሰቦች ብሎክ ከነጨዋታ ሐሳቡ አድሎ፣ ካልተሰጣቸው ልጆች የተሻለ የቋንቋ ውጤት መዝግቧል። ይህ ጥናት በየማስታወቂያው የሚጠቀስ በመሆኑ ገንዘቡን የሸፈነው አንድ የብሎክ አምራች ድርጅት እንደነበር ገዢው ማወቅ ይገባዋል። ጥናቱን ዋጋ ቢስ ባያደርገውም፣ በአንድ ጥናት ብቻ ተመርቶ ትልቅ ተስፋ ላለመሰነቅ በቂ ምክንያት ነው።

ለምርጫ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ካትሪና ፌራራና ባልደረቦቿ ያገኙት ውጤት ነው። ወላጆችና ልጆች በነጻነት ሲጫወቱ፣ ግብ ተሰጥቷቸው አብረው ሲገነቡና ተገንብቶ በቀረበ ነገር ሲጫወቱ የሚናገሩት ተመዘገበ። «ላይ»፣ «ሥር»፣ «መካከል»፣ «አጠገብ» የመሳሰሉትን የቦታ ቃላት ወላጆች ከሁሉ አብልጠው የተጠቀሙት ግብ ይዘው አብረው በገነቡበት ጊዜ ነበር፤ ልጆችም ያኔ በነጻነት ከተጫወቱት ይልቅ አብዝተው ተጠቅመውባቸዋል። ተገንብቶ የመጣ ነገር ሲሰጣቸው ግን ይህ የወላጆች ንግግር አነሰ። ስለዚህ ያለቀለትን ነገር የሚሸጥ ሣጥን ቁርጥራጩን ከሚሸጠው ሣጥን ጋር እኩል አይታይም።

## የምንመርጥባቸው መስፈርቶች

ቀዳሚው ደኅንነት ነው፤ ይህን ያላለፈ ብሎክ በሌሎቹ መስፈርቶች ምንም ያህል ቢያሸንፍ ከምርጫ ይወጣል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የሚሸጥ መጫወቻ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የሲሊንደር መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ክፍል ሊኖረው አይችልም፤ መለኪያው የትንሽ ልጅን ጉሮሮ እንዲወክል የተዘጋጀ ነው። ቤት ውስጥ መለኪያው ባይኖር የሶፍት ጥቅል መሐል ያለውን የካርቶን ቱቦ መጠቀም ይቻላል። ቱቦው ከሕጉ መለኪያ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ጥንቃቄውን ያጠብቀዋል፦ በውስጡ የሚያልፍ ቁራጭ ሁሉን ወደ አፉ ለሚወስድ ልጅ አይሰጥም። ከዚህ ሌላ የሚታየው ቀለሙ በምራቅ የማይለቅ መሆኑ፣ ጠርዙ የተለሰለሰ መሆኑና ለአውሮፓው ኢ.ኤን. 71 ወይም ለተመሳሳይ የመጫወቻ ደኅንነት ደረጃ የተመረመረ መሆኑ ነው። ያገለገሉ አሮጌ ብሎኮች ሲገዙ ቀለም የተቀቡትን መተው ይሻላል፤ በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ይገኝ ነበርና።

ሁለተኛው የልክ ወጥነት ነው፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ ይህን አያስተውሉትም፣ እኔ ግን ከደኅንነት ቀጥሎ የማስቀምጠው እሱን ነው። ሁለት ግማሾች ተገጥመው በትክክል አንድ ሙሉ የሚሆኑበት ስብስብ ልጁ መቁጠር ከመማሩ በፊት እኩል መሆንን፣ እጥፍንና ግማሽን በእጁ ያሳየዋል። ልኩ እዚህም እዚያም ጥቂት የሚዛነፍ ስብስብ ግን ልጁ በትክክል አስቦ የሠራውን ግንባታ ያንጋድድበታል፤ ልጁም ጥፋቱ የራሱ ይሁን የዕቃው መለየት አይችልም።

ሦስተኛው ብሎኩ ከመሬት ስበት ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ማማ ሲወድቅ ልጁ መረጃ ያገኛል፦ ከሥር ጠባብ ነበር፣ ከላይ ከበደ፣ ወደ አንድ ወገን ዘመመ። ይህ መረጃ ወዲያውኑ ይደርሰዋል፤ የሚነግረው ሰውም አያስፈልገውም። ስለዚህ ብሎኩ በቀላሉ የማይወድቅ መሆኑ ከጥቅሙ ጋር ጉዳትም አለው፣ የትኛው እንደሚያመዝን የሚወስነውም የልጁ ዕድሜ ነው።

አራተኛው ክፍትነት ነው፤ ይኸው ቁራጭ ዛሬ አልጋ፣ ነገ መርከብ ሊሆን ይችላል ወይስ ከፋብሪካው መስኮት ሆኖ ወጥቶ ለዘላለም መስኮት ነው? ከዚህ በኋላ ብዛቱ፣ የሚያገለግልበት ዘመን፣ የሚይዘው ቦታ፣ ጽዳቱና ወጪው ይታያሉ።

## የእንጨት ዩኒት ብሎክ

የዚህ ብሎክ ታሪክ ጥቅሙን ስለሚያስረዳ ጥቂት ልቆይበት። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የመሠረተውንና በ1840 «ኪንደርጋርተን» ብሎ የሰየመውን ተቋም ሲጀምር፣ ለልጆች ከሚሰጣቸው መጫወቻዎች መካከል አንዱ በስምንት ትናንሽ ኩቦች የተከፈለ አንድ ኩብ ነበር። ልጁ ሙሉው ሲከፈል፣ ክፍሎቹም ተመልሰው ሙሉ ሲሆኑ በገዛ እጁ ያያል። ነገር ግን የፍሮበል ኩቦች ትናንሽ ነበሩ፤ አጠቃቀማቸውም ቅደም ተከተል የበዛበት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊቷ ካሮላይን ፕራት ልጆች ወለል ላይ ሆነው እንደ ሐሳባቸው የሚገነቡበትን ትልቅ ብሎክ ነደፈች፤ እ.ኤ.አ. በ1914 በኒው ዮርክ በመሠረተችው ትምህርት ቤትም ዋና መማሪያ አደረገችው። «ዩኒት» የሚባለው መሠረታዊ ቁራጭ ልኩ የ1፣ 2 እና 4 ጥምርታ አለው፦ ውፍረቱ 3.5፣ ስፋቱ 7፣ ርዝመቱ 14 ሴንቲሜትር ያህል ነው። እጥፉ 28፣ የእጥፉ እጥፍ ደግሞ 56 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ግማሹ ካሬ ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ፣ ቅስቱና ሲሊንደሩም ከዚሁ ልክ ጋር ተስማምተው የተሠሩ ናቸው።

በመስፈርቶቻችን ሲመዘን ይህ ብሎክ በልክ ወጥነትና በክፍትነት ተወዳዳሪ የለውም። ቁራጩ ከቅርጹ በቀር ምንም ስለማይናገር ልጁ ያሻውን ያደርገዋል። ምንም የሚያያዝበት ነገር ስለሌለው ግንባታው የሚቆመው በሚዛኑ ብቻ ነው፤ በተሳሳተበት ቅጽበትም ይፈርሳል። ክብደት አለው፤ ልጁ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ ማድረግን የሚማረው ይህን ክብደት በእጁ እየመዘነ ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ድረስ ልጁ ከደረጃ ደረጃ ሲሸጋገር ብሎኩ ያው ሆኖ ያገለግላል፤ ለተከታይ ልጅም ይተላለፋል።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ከጠንካራ እንጨት በትክክል ተቆርጦ የተሠራው ውድ ነው፣ ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል፣ ሲወድቅ ይጮኻል፤ መወርወር በሚወድ ልጅ እጅ ደግሞ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ ልኩም ይዛነፋል። የሚጸዳው በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ታብሶ ወዲያው በማድረቅ ነው። ርካሹ ከለስላሳ እንጨት የሚሠራ ሲሆን ማዕዘኑ ቶሎ ይጎዳል። በምርጫው ጊዜ አራት ተመሳሳይ ቁራጮችን ጎን ለጎን አቁሞ ከላይ በእጅ መዳሰስ የአሠራሩን ጥራት ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ይናገራል።

ትናንሾቹ ባለቀለም የእንጨት ኩቦች የዚህ ታናሽ ወንድም ናቸው። ለመጀመሪያ መደራረብ፣ ለመቁጠርና በቀለም ለመለየት ይበቃሉ፤ ድልድይና አጥር ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም አንድ ቅርጽ መሆናቸው ልጁን ያግደዋል። ፊደል የተጻፈባቸው ኩቦች ብዙ ወላጆችን ይስባሉ፤ ልጁ ግን ኩቡን የሚመለከተው እንደሚቆለል ነገር ስለሆነ ለፊደሉ ሲባል ተጨማሪ ወጪ ማውጣት አያስፈልግም።

## ተገጣጣሚ ፕላስቲክ

ብዙ ሰው የማንም ምርት ይሁን በጅምላ ሌጎ የሚለው ዓይነት ነው። የዛሬው ተገጣጣሚ ጡብ አሠራር በዴንማርክ የባለቤትነት መብት ማመልከቻ የቀረበለት እ.ኤ.አ. በጥር 1958 ነው፤ ለትናንሽ ልጆች የተዘጋጀው ትልቁ ዱፕሎ ደግሞ በ1969 ወጣ። የዱፕሎ ጡብ ከትንሹ ጋር ሲነጻጸር በርዝመትም በስፋትም በከፍታም እጥፍ ነው፤ ይዘቱም ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ትልቁና ትንሹ እርስ በርስ እንዲገጣጠሙ ተደርገው ስለተሠሩ ልጁ ሲያድግ የቀድሞው አይጣልም። ከሌላ አምራች የሚገዛ ገዢ ይህ መገጣጠም መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ትልቁ ተገጣጣሚ ብሎክ ከአንድ ዓመት ተኩል ጀምሮ ይሠራል። ጥቅሙ ግንባታው ተይዞ መቆየቱ ነው፤ ልጁ የሠራውን አንሥቶ ሊያሳይ፣ ሌላ ክፍል ወስዶ ሊጫወትበት፣ በማግሥቱም ሊቀጥልበት ይችላል። ጉብታውን ከቀዳዳው ጋር አስተካክሎ መጫንና ጎትቶ መንቀል የጣቶችን ጉልበት ያዳብራል። በፎቶ የታየን ሞዴል መድገምም ቀደም ሲል በተጠቀሰው ጥናት የተመዘነው ችሎታ ነው። ይታጠባል፣ ሲወድቅም ለመሰበር አይቸኩልም። የሚጎድለው የሚዛን ትምህርት ነው፤ ጉብታው ሚዛኑን ይሸከምለታልና የዘመመውም ይቆማል። ጉብታው ከሚፈቅደው ውጪ ማስቀመጥ ስለማይቻልም ልጁ ልክ ማስተያየቱን ግማሹን ለዕቃው ይለቃል።

ትንሹ ተገጣጣሚ ጡብ ከአራት ዓመት በፊት አይመከርም፤ የመታነቅ አደጋው ብቻ በቂ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለትዕግሥትና ለዕቅድ እጅግ ሰፊ መስክ ይከፍታል። ባለስምንት ጉብታ የሆኑ ስድስት አንድ ዓይነት ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ በሒሳብ ተሰልቷል። ይህን ሁሉ ዕድል ይዞ ሳለ ብዙው የሚሸጠው አንድ መኪና ወይም አንድ ቤት ብቻ እንዲወጣው ተደርጎ፣ መመሪያ ደብተር ተጨምሮበት መሆኑ ያሳስበኛል። መመሪያ መከተል በራሱ ትምህርት ነው፤ ከሥዕል ወደ ግዙፍ አካል መመለስ ቀላል ሥራ አይደለም። ሆኖም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ «እንዳትነካው» የሚባል መኪና የብሎክ ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። ከሁለቱ አንዱን ለሚመርጥ ገዢ መሠረታዊ ጡቦች በብዛት የያዘው ሣጥን አንድ ሞዴል ብቻ ከሚወጣው ሣጥን ይበልጣል።

## የማግኔት ሰሌዳዎች

ካሬና ሦስት ማዕዘን ሆነው፣ በጠርዛቸው ውስጥ ማግኔት የተቀበረባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን የሚያሳልፉ ሰሌዳዎች ናቸው። ሌሎቹ በደንብ የማያሳዩትን አንድ ነገር ያሳያሉ፦ ጠፍጣፋ ቅርጽ ተጣጥፎ ግዙፍ አካል መሆኑን። ስድስት ካሬዎች መሬት ላይ በመስቀል ቅርጽ ተዘርግተው ሲነሡ ኩብ ይሆናሉ፤ ጎኖቻቸው እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘኖች አራት ሆነው ሲገጠሙ ፒራሚድ ይሠራሉ። የእጅ ጉልበታቸው ደካማ ለሆነ ልጆችም ሳይጫኑ ስለሚያያዙ ምቹ ናቸው። በአንጻሩ ማግኔቱ ከሁሉም አብልጦ ለልጁ የሚሠራለት ነው፤ ማያያዙ ያለ ጥረት ስለሚሆን የሦስት ዓመት ልጅ በጥቂት ደቂቃ የሚያስደንቅ ሕንፃ ያቆማል፣ ስለ ሚዛን የሚያስበው ግን ጥቂት ነው።

ደኅንነቱ በጥብቅ መታየት አለበት። ሁለትና ከዚያ በላይ ማግኔት የዋጠ ልጅ ሆድ ውስጥ ማግኔቶቹ ከተለያየ የአንጀት ክፍል ሆነው ይሳሳባሉ፤ በመካከላቸው የተጨመቀው የአንጀት ግድግዳ ደም አጥቶ ሊበሳ ይችላል። ልጁ ማግኔት ውጧል ተብሎ ከተጠረጠረ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ስለዚህ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ አሠራሩ የማይታወቅ የማግኔት ስብስብ መግዛት ፈጽሞ አይገባም። ጠርዙ በሙቀት ተበይዶ ወይም በብረት ማያያዣ ታስሮ የተዘጋውን መምረጥ፣ በየጊዜው እያንዳንዱን ሰሌዳ መመርመርና የተሰነጠቀውን ሳይጠግኑ ማስወገድ ግዴታ ነው። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው የዕድሜ ገደብም መጠበቅ አለበት፤ ብዙዎቹ ከሦስት ዓመት በላይ የሚሉ ናቸው።

## ስፖንጅ፣ ካርቶንና ሌሎች

የስፖንጅ ብሎክ ቀላልና ድምፅ አልባ ነው፤ ቢወረወርም አይጎዳም። ገና መቀመጥ ለጀመረ ሕፃንና በአንድ ክፍል ብዙ ልጆች ለሚውሉበት ቦታ ይስማማል። ጥርስ ያወጣ ልጅ ግን እየነከሰ ሊቆርሰው ይችላል፤ የተቆረሰው ቁራጭ የመታነቅ አደጋ ስላለው የተነከሰ ብሎክ ወዲያው መነሣት አለበት። እጅግ ቀላል በመሆኑ ስለ ክብደት የሚያስተምረው ትንሽ ነው። የካርቶን ጡብ ትልቅ ሆኖ ቀላል በመሆኑ የሁለት ዓመት ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ ከቁመቱ የሚስተካከል ግድግዳ ሊያቆም ይችላል፤ በመላ አካሉ ስለሚሠራም ደስታው ትልቅ ነው። እርጥበትና መረገጥ ግን ቶሎ ይጨርሱታል።

ባዶ የሆኑት ትላልቅ የእንጨት ሣጥኖች ለመዋዕለ ሕፃናት የሚገቡ እንጂ ለአንድ ቤት አይደሉም። አንዱን ሣጥን ለማንሣት ሁለት ልጅ ስለሚያስፈልግ መተባበርንና መደራደርን ያመጣሉ፤ ሰፊ ቦታ፣ በቅርብ የሚከታተል አዋቂና የቁልሉ ከፍታ ከልጁ ደረት እንዳያልፍ የሚል ደንብ ይፈልጋሉ።

በቤት የሚዘጋጀውም መረሳት የለበትም። ከእንጨት ሠሪ ዘንድ የሚገኝ ኬሚካል ያልተነከረ ቁርጥራጭ በአንድ ልክ ተቆርጦ፣ ማዕዘኑ ተሞርዶ በብርጭቆ ወረቀት ከተለሰለሰ ከተገዛው የማይተናነስ አገልግሎት ይሰጣል። ቁም ነገሩ ልኩ ነው፦ ረጅሙ የአጭሩ እጥፍ፣ ስፋቱም የውፍረቱ እጥፍ ይሁን።

ድምፅ የሚያወጡና መብራት የሚያበሩ ብሎኮችን በዚህ ንጽጽር አላካተትኩም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ መጫወቻ አመራረጥ ባወጣው ምክር ልጅና ወላጅን የሚያገናኙ እንደ ብሎክ ያሉ ቀላል መጫወቻዎችን አስቀድሟል፤ ብሎኩ ራሱ ሲናገር ልጅና ወላጅ የሚነጋገሩበት ጊዜ ይቀንሳል።

## ንጽጽሩ በሠንጠረዥ

| ዓይነት | ተስማሚ ዕድሜ | የሚዛን ትምህርት | የልክ ወጥነት | ክፍትነት | ዋነኛ ጥንቃቄ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የእንጨት ዩኒት ብሎክ | ከ1½ ዓመት እስከ 8 እና ከዚያ በላይ | በጣም ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | ክብደት፣ ውርወራ | ከፍተኛ፣ ግን ለዓመታት |
| ትናንሽ የእንጨት ኩቦች | ከ1 እስከ 3 ዓመት | ከፍተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | የቁራጩ መጠን፣ ቀለም | ዝቅተኛ |
| ትልቅ ተገጣጣሚ | ከ1½ እስከ 5 ዓመት | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | እርስ በርስ መገጣጠሙ | መካከለኛ |
| ትንሽ ተገጣጣሚ | ከ4 ዓመት በላይ | ዝቅተኛ | በጣም ከፍተኛ | እንደ ሣጥኑ ይለያያል | መታነቅ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| የማግኔት ሰሌዳ | ከ3 ዓመት በላይ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | የወጣ ማግኔት | ከፍተኛ |
| ስፖንጅ | ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ተነክሶ መቆረስ | ዝቅተኛ |
| ካርቶን | ከ1½ እስከ 4 ዓመት | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | እርጥበት | ዝቅተኛ |
| ትላልቅ ባዶ ሣጥኖች | ከ3 ዓመት በላይ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | መውደቅ፣ ቦታ | በጣም ከፍተኛ |
| በቤት የተሠራ እንጨት | ከ1½ ዓመት በላይ | በጣም ከፍተኛ | እንደ አቆራረጡ | በጣም ከፍተኛ | ስንጣሪ | በጣም ዝቅተኛ |

## ለማን የትኛው?

በጀቱ ጠባብ ለሆነ ቤተሰብ ምክሬ አንድ ነው፦ ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ከመግዛት ይልቅ አንድ ዓይነት መርጦ በብዛት መያዝ። የሁለት ዓመት ልጅ ከ20 እስከ 30 በሚደርስ ቁራጭ ይረካል፤ አጥርና ቤት ለሚሠራ የአራት ዓመት ልጅ ግን ከ60 በታች ከሆነ ሐሳቡ ሳያልቅ ብሎኩ ያልቅበታል። ከጌጠኛ ቅርጾች ይልቅ ተራው ሙሉና ግማሹ መብዛት አለባቸው፤ ቅስትና ሦስት ማዕዘን ጥቂት ይበቃሉ። ለዚህ ቤተሰብ በቤት የሚቆረጠው እንጨት የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ የማይቻል ከሆነ ትልቁ ተገጣጣሚ ይከተላል።

በቂ ገንዘብ ያለውና አንድ ጊዜ ገዝቶ ለዓመታት ሊያርፍ የሚፈልግ ሰው የእንጨት ዩኒት ብሎክ ይግዛ። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ትንሹን ተገጣጣሚ መጨመር ይቻላል፤ አንዱ ሚዛንን፣ ሌላው ዝርዝርን ስለሚያስተምር አይተካኩም። ማግኔቱ ሦስተኛ ሆኖ ቢመጣ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ከመጣ ግን ልጁ በቀላሉ ከሚያያዘው ወደሚወድቀው መሸጋገር ሊከብደው ይችላል።

በቤቱ ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ካሉ ደኅንነቱ የሚለካው በታናሹ ነው። ትንሹ ተገጣጣሚና ማግኔቱ ታናሹ በማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይውጡ፤ ወለሉ ለእንጨቱ ወይም ለትልቁ ፕላስቲክ ይተው። ከሥር ጎረቤት ላለበት ወይም ክፍሉ ለጠበበ ቤት ወፍራም ምንጣፍ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይታሰብ። ምንጣፉ ግን ጠጉሩ አጭር ይሁን፤ በጠጉራም ምንጣፍ ላይ የቆመ ማማ በልጁ ጥፋት ሳይሆን በወለሉ ይፈርሳል።

የጣቶቹ ጡንቻ ለደከመ ወይም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ከላይ የሰጠሁት ደረጃ ይገለበጣል። ለእሱ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ብሎክ ትምህርት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ሊሆንበት ስለሚችል ማግኔቱ ወይም ስፖንጁ ቅድሚያ ቢሰጠው ያስደስተዋል፤ ከሚከታተለው ባለሙያ ጋር ተመክሮም ቀስ በቀስ ወደ እንጨቱ ይሸጋገራል። የማየት ችግር ላለበት ልጅ ደግሞ ክብደትና ጠርዝ ያለው እንጨት ከሁሉ ይመረጣል፤ ቅርጹንና ልኩን በመዳሰስ ያውቀዋልና።

ለመዋዕለ ሕፃናት የዩኒት ብሎክ ዋናው ግዢ ቢሆን፣ በጀት ሲፈቅድም ትላልቆቹ ሣጥኖች ቢከተሉ እመርጣለሁ። ብሎኮቹ በክዳን ሣጥን ውስጥ ተደበላልቀው ከሚቀመጡ ይልቅ ዝቅ ባለ መደርደሪያ ላይ በየቅርጻቸው ቢደረደሩና የእያንዳንዱ ቅርጽ ምስል መደርደሪያው ላይ ቢለጠፍ፣ መልሶ ማስቀመጡም የመለየትና የማመሳሰል ልምምድ ይሆናል። የብሎኩ ቦታ ከመተላለፊያ የራቀ፣ ቢያንስ በሁለት ወገን የተከለለ ይሁን።

የትኛውም ዓይነት ቢገዛ፣ አዋቂው አብሮ ወለል ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ። የልጁን እጅ ተክቶ መገንባት አያስፈልግም። «ረጅሙን ከሥር አደረግኸው»፣ «ይኼኛው ዳር ላይ ስለሆነ ዘመመ»፣ «በሁለቱ መካከል ምን ይግባ?» ማለት፣ ወይም «ይህች በግ የምትገባበት ቤት እንሥራ» ብሎ ግብ መስጠት ይበቃል። ልጁ አንድ ዓይነት ግንባታ ለሳምንታት ቢደጋግም አዲስ ስብስብ ለመግዛት መቸኮል አይገባም፤ ያው ግንባታ በየጊዜው በጥቂቱ ሲለወጥ ይታያል። ተጨማሪ የሚገዛበት ትክክለኛ ጊዜ ልጁ ያሰበውን ሳይጨርስ ብሎኩ የሚያልቅበት ጊዜ ነው፤ ያኔም መጨመር ያለበት ከዚያው ከያዘው ዓይነት ነው።